«ወርክ»ን በጨርቅ ላይ ማርባት፦ የሐምሌ ወር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለ14 ጎልማሳ ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከመካከላቸው የሆቴል እንግዳ ተቀባዮች፣ የባጃጅ ሹፌሮች፣ የብረት በርና መስኮት ሠሪዎች፣ አንዲት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛም አሉ። ሁሉም በልጅነታቸው እንግሊዝኛን ለዓመታት ተምረዋል፤ የቃል ድኻም አይደሉም። የሚያደናቅፋቸው ግሡ ነው። ስለዚህ በዚህ ክረምት አንድ መደበኛ ግሥ ከነሙሉ እርባታው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዘወትር እንዲያዩት ለማድረግ ተነሣሁ፤ ይህም ማስታወሻ ሥራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ማታ ማታ የጻፍሁት ነው። የእንግሊዝኛውን ቃላት እዚህ በግእዝ ፊደል የምጽፋቸው ድምፃቸው እንዲታይ ስል ሲሆን፣ ሰሌዳው ላይ ያሉት ግን በላቲን ፊደል እንደተጻፉ አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመረጥሁት ግሥ «ወርክ» ነው። ወርክሾፕ የሚለውን ቃል የማያውቅ ተማሪ ስለሌለኝ ከቃሉ ጋር ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ አቻው «ሠራ» ደግሞ ማናቸውም ቀን ሳይሉት የማይውሉት ቃል ነው። ከዚህም በላይ መጨረሻው «ክ» መሆኑ ያለፈውን ጊዜ ሲጠራ የሚያስቸግረውን ነገር ፊት ለፊት ያመጣዋል።

የሐዋርያት ጾም የተፈታበት ዕለት በመሆኑ ገበያው በዶሮና በቅቤ ገዢ ተጨናንቆ ነበር፤ ቢሆንም 3 ሜትር አቡጀዲ ገዝቼ ተመለስሁ። ከሰዓት በኋላ ጨርቁን ወለል ላይ ዘርግቼ በእርሳስና በረጅም ጣውላ መስመር አሰመርሁበት። ወደ ጎን 12 ዓምዶች ወጡ፤ የአሁኑ፣ ያለፈውና የሚመጣው ጊዜ እያንዳንዳቸው በአራት ሁኔታ ማለትም በተራው፣ በመሠራት ላይ ባለው፣ በተፈጸመውና ሲሠራ በቆየው ሲታዩ ድምሩ ይህ ነው። ወደ ታች ደግሞ እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እሱ፣ እሷ፣ እኛ፣ እናንተና እነሱ ብዬ 8 ረድፎች አደረግሁ። በጠቅላላው 96 ሣጥኖች ሆኑ። አማርኛ ግሥ የሚረባበት መንገድ ይህ ስለሆነ ሌላ አካሄድ በጊዜው ወደ ሐሳቤ አልመጣም።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ከቁርስ በኋላ የተጀመረው መሙላት እስከ ቀትር ዘለቀ። ከሠላሳኛው ሣጥን በኋላ እጄ የሚጽፈውን ዓይኔ ማየት አላስፈለገውም፤ ያው ቃል ደጋግሞ ይመጣል። ሲያልቅ እያንዳንዱ የግሥ ቅርጽ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ቆጠርሁ። «ወርኪንግ» 48 ጊዜ፣ ያለፈውን የሚያሳየው «ወርክት» 32 ጊዜ፣ ባዶው «ወርክ» 14 ጊዜ ተጽፈዋል፤ በትምህርት ቤት ያን ያህል የተቀጣንበት «ወርክስ» ግን በ«እሱ» እና በ«እሷ» ረድፍ አንዳንድ ጊዜ፣ በድምሩ 2 ጊዜ ብቻ ተገኘ።

በዚህ ቁጥር ላይ ብዙ አሰብሁ። አንድ የአማርኛ ግሥ በአንድ ጊዜ ብቻ ሠራሁ፣ ሠራህ፣ ሠራሽ፣ ሠራ፣ ሠራች፣ ሠራን፣ ሠራችሁ፣ ሠሩ እያለ ስምንት መልክ ሲይዝ፣ የእንግሊዝኛው መደበኛ ግሥ በጠቅላላ እርባታው አራት መልክ ብቻ አለው። ተማሪዎቼ የሚሰናከሉት ቅርጹ ስለበዛባቸው ነው ብዬ እገምት ነበር፤ ዛሬ ግን የሚሰናከሉት ስላነሰባቸው እንደሆነ መጠርጠር ጀመርሁ። በግሡ ውስጥ ማንነትንና ጊዜን ይፈልጋሉ፤ እንግሊዝኛ ግን እነዚህን ከግሡ አውጥቶ ሌላ ቦታ አስቀምጧቸዋል።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

የጻፍሁበት ማርከር ለነጭ ሰሌዳ የሚሆነው እንጂ የማይለቀው ዓይነት አልነበረም። ጨርቁን ጠቅልዬ በዝናብ ስሄድ ረጠበና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓምዶች ተዘበራረቁ። በዚሁ ሁኔታ ሰቅዬው አስተማርሁ። የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ ለጥቂት ጊዜ አትኩራ ካየችው በኋላ «ቲቸር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ስምንት ጊዜ ለምን ተጻፈ?» አለችኝ። የምሰጣት መልስ አልነበረኝም፤ ጥያቄዋ ትናንት ከቆጠርሁት ቁጥር ጋር ተገጣጠመ።

ስለዚህ የቀረውን ሰዓት በቋንቋዎቻችን ላይ አዋልነው። «ሠራን» ስንል «እኛ» ማለት አያስፈልገንም፤ ግሡ ተናግሮታል። ከተማሪዎቼ ግማሽ ያህሉ የሚናገሩት ኦሮምኛም እንዲሁ ነው፤ «ዴምኔ» ማለት «ሄድን»፣ «ዴምታን» ማለት «ሄዳችሁ» ነው፤ ሠሪው ከግሡ አይለይም። በእንግሊዝኛ ግን «ወርክት የስተርደይ» ብሎ የጀመረ ሰው ማን እንደሠራ አልተናገረም። ተማሪዎቼ «አይ» እና «ዊ» የሚሉትን ቃላት እየዘለሉ የሚናገሩት ከቸልታ ሳይሆን ከዚህ የተነሣ ነው። ቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ተምረው ያደጉት ደግሞ ሌላ ነገር አሳዩኝ፤ በቁቤ እያንዳንዱ ፊደል የተመደበለትን ድምፅ ስለሚይዝ የእንግሊዝኛውን ያለፈ ጊዜ ፊደል በፊደል «ዎርኬድ» ብለው ያነቡታል። ይህን ለብቻው እመለስበታለሁ።

ማታውኑ ጨርቁን በኦሞ ዘፍዝፌ አጠብሁት። ባለ 96 ሣጥኑ ሰሌዳ ተጥሏል፤ አዲሱ በረዳት ግሦች፣ ማለትም እንደ «ሃቭ» እና «ዱ» ከዋናው ግሥ ቀድመው በሚገቡት ቃላት ዙሪያ ይሠራል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

አዲሱ ሐሳብ ተንቀሳቃሽ ካርዶች የሚገቡባቸው ኪሶች ያሉት ሰሌዳ ነው። አንድ ረድፍ ሰባት ኪስ ይኖረዋል። የመጀመሪያው ለጥያቄ የሚቆይ ባዶ ቦታ፣ ሁለተኛው ለሠሪው፣ ሦስተኛው ለመጀመሪያው ረዳት፣ አራተኛው ለ«ኖት»፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ለቀሪዎቹ ረዳቶች፣ ሰባተኛው ለግሡ ነው። ከ«ዊል ሃቭ ቢን ወርኪንግ» የሚረዝም ስለማላስተምር ሦስት የረዳት ኪስ ይበቃል።

ለኪሱ የጠረጴዛ ልብስ የሚሆነውን ብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ገዝቼ ለልብስ ሰፊ ወሰድሁት። ሰፊው ገና ሳይነካው «በተለመደው ስፌት አይሆንም፤ ስፌቱ ከደቀቀ ላስቲኩን እንደ ቴምብር ይበሳውና ሳምንት ሳይሞላው ይገነጠላል» አለኝ። «እንደሚሆን ያድርጉት፣ ጋሼ» አልሁት። የስፌቱን ርዝመት እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ፣ መርፌውን በወፍራም ቀይሮ፣ ላስቲኩ ከእግሩ ሥር እንዳይጣበቅ ወረቀት አነጠፈበት። እያንዳንዱን ኪስ ከካርዱ በሁለት ጣት አሳጥሮ ሰፋው፤ የካርዱ ራስ ብቅ ብሎ ካልታየ ተማሪ በቶሎ መዞ ሊያወጣው አይችልም። ይህን እኔ አላሰብሁትም ነበር።

ካርዶቹን ከውኃ ካርቶን ቆርጬ በማይለቅ ማርከር ጻፍሁባቸው። ረዳቶቹ ሁለት ገጽ አላቸው፤ «ሃቭ» የሚለው ካርድ ሲገለበጥ «ሃዝ» ይላል፤ «ዱ» ሲገለበጥ «ዳዝ» ይሆናል። «ዊል»፣ «ካን»፣ «ማስት» እና ዘመዶቻቸው ግን ጀርባቸው ባዶ ነው፤ ሠሪው ማንም ቢሆን አይለወጡምና። «ቢ» ለሚለው ግሥ አም፣ ኢዝ፣ አር፣ ዋዝ፣ ወር ብዬ አምስት ካርድ ቆረጥሁ፤ ከእንግሊዝኛ ግሦች ሁሉ እንደኛው ግሥ የመደብ ለውጥ የቀረለት እሱ ነው ማለት ይቻላል።

በመጨረሻ ሁለት ትንንሽ ካርዶች ሠራሁ። ቀዩ የሦስተኛ መደብ ነጠላ፣ ማለትም የ«እሱ» እና የ«እሷ»፣ ምልክት የሆነው «ስ» ነው፤ ሰማያዊው ያለፈው ጊዜ ምልክት። ሁለቱም በልብስ መቆንጠጫ ይያዛሉ። ከየአንዳንዳቸው አንድ ብቻ ነው የሠራሁት፤ ሆን ብዬ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ሰሌዳው ተሰቀለ። ሆቴል የምትሠራውን ተማሪ ወደ ፊት ጠርቼ «እሷ ትሠራለች» የሚለውን እንድትሠራ ጠየቅኋት። «ሺ» አስገባች፣ «ወርክ» አስገባች፣ ጥቂት አስባ ቀዩን «ስ» ግሡ ላይ ቆነጠጠችው። ትክክል ነው። ቀጥዬ «እሷ አትሠራም» እንድትል ጠየቅኋት። የ«ዱ»ን ካርድ ወደ ሦስተኛው ኪስ፣ «ኖት»ን ወደ አራተኛው አስገባች፤ ከዚያ «ዱ»ን ልትገለብጠው አነሣችና እጇ ቀረ። «ዳዝ» እንዲሆን ቀዩ ምልክት ያስፈልገዋል፤ ቀዩ ደግሞ «ወርክ» ላይ ነው። ወደ እኔ ዞራ «ሌላ ቀይ የለም?» አለች። «የለም» አልኋት። መቆንጠጫውን ከ«ወርክ» ላይ ነቅላ «ዱ» ላይ አደረገችው፤ ካርዱንም ገለበጠችው። ሰሌዳው ላይ «ሺ ዳዝ ኖት ወርክ» የሚል ቀረ።

ይህን በቃል ስንት ጊዜ እንዳስተማርሁ እኔ አውቃለሁ። «ሺ ዳዝ ኖት ወርክስ» የሚለውን ስሕተት በየደብተሩ ያረምሁት በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ነው። ምልክቱ አንድ መሆኑና ረዳት ሲመጣ ወደ ረዳቱ መዛወሩ በእጅ ሲነካ እንዲህ ግልጽ ይሆናል ብዬ ግን አልጠበቅሁም ነበር። ሰማያዊውም ሕጉ አንድ ነው። «ሂ ወርክት» ላይ ያለው ምልክት «ዲድ» ሲመጣ ወደ እሱ ይሄዳል፤ ግሡ ባዶውን ይቀራል፤ «ዲድ ሂ ወርክ?» እንጂ «ዲድ ሂ ወርክት?» አይባልም።

ክፍሉ ካለቀ በኋላ የብረት ሠሪው ወደ ኋላ ቀርቶ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ታዲያ ረዳቶች ሁለትና ሦስት ሲሆኑ ምልክቱ የቱ ላይ ነው?» ካርዶቹን አብረን ደረደርናቸው። «ሃዝ ቢን ወርኪንግ» ውስጥ «ስ» ያለው በ«ሃዝ» ላይ ብቻ ነው። «ዋዝ ወርኪንግ» ውስጥ ያለፈው ጊዜ በ«ዋዝ» ላይ ነው። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ቃል ነው የሚሸከመው። «ኖት»ም የሚገባው ከእሱ በኋላ ነው፤ ለጥያቄም ወደ መጀመሪያው ባዶ ኪስ የሚዘለው እሱው ነው። ረዳት በሌለበት ጊዜ ደግሞ ይህን ሸክም የሚቀበል «ዱ» ይጠራል። ከ96 ሣጥኖች ይልቅ መያዝ የሚገባው ይህ አንድ ነገር ነው፤ የግሡ ሸክም ሁሉ በመጀመሪያው ረዳት ትከሻ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ስለ አሉታ ስናወራ አንድ ነገር ከአማርኛችን ተገኘ። «እኔ አልሠራም» እና «እሱ አልሠራም» በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው የልማድ ወይም የወደፊት ነገር ሲሆን ሁለተኛው ያለፈ ነው፤ የሚለያቸው «ራ» መጥበቁና መላላቱ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ይህንኑ ልዩነት በ«ዱ» እና በ«ዲድ» ያሳየዋል። ተማሪዎቹ «አልሠራም»ን እያጠበቁና እያላሉ ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩበት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ዛሬ ያለፈውን ጊዜ ድምፅ ሠራን። ሰማያዊው ካርድ ላይ ያለው አጻጻፍ አንድ ሆኖ አነባበቡ ሦስት ነው። ግሡ በ«ክ»፣ «ፕ»፣ «ፍ»፣ «ስ»፣ «ሽ» ወይም «ች» ሲያልቅ ምልክቱ «ት» ተብሎ ይነበባል፤ ስለዚህ «ወርክት»፣ «ሄልፕት»፣ «ዎሽት»። ጉሮሮን በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ወይም በአናባቢ ሲያልቅ «ድ» ይሆናል፤ «ክሊንድ»፣ «ፕለይድ»። በ«ት» ወይም በ«ድ» ሲያልቅ ብቻ ነው «ኢድ» የሚሆነው፤ «ዌይቲድ»፣ «ኒዲድ»። ጣታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው «ስ» እና «ዝ» እያሉ ልዩነቱን እንዲዳስሱ አደረግሁ።

ትልቁ ችግር ግን ሕጉን ማወቅ አይደለም። «ር»፣ «ክ» እና «ት» ሳይለያዩ በቃል መጨረሻ መሰብሰባቸው ለአፋችን እንግዳ ነው። በአማርኛ «ወርቅ» ላይ ሁለት ተነባቢ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ሦስት ሲሆን ግን ምላሳችን ወዲያው ሣድስ አናባቢ ያስገባና «ወር-ክት» ብሎ በሁለት ክፍል ያወጣዋል። ጆሮ ለለመደው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህ ሌላ ቃል ይመስላል። ያገኘሁት መፍትሔ ቃሉን ለብቻው አለማስጠራት ነው። «አይ ወርክት ኢን አዳማ» በሚለው ውስጥ «ት» ከሚቀጥለው አናባቢ ጋር ተያይዞ «ወርክ-ቲን-አዳማ» ሲባል ሸክሙ ይቀላል። በቁቤ ያደጉት ተማሪዎች «ዎርኬድ» ማለታቸውን ያቆሙት በዚህ ልምምድ ነው።

«ወርክ» ሁልጊዜ እንዲህ መደበኛ እንዳልነበረም ነገርኋቸው። የጥንቱ ያለፈ ጊዜው «ሮት» ነበር፤ እንደ ሌሎቹ መረባት ከጀመረ በኋላ የቀድሞው መልክ ለብቻው ተረፈ፤ ዛሬም ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት «ሮት አይረን» ይባላል። የብረት ሠሪው ይህን ደብተሩ ላይ ከፍ አድርጎ ጻፈው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

እስከ ዛሬ ከሠራነው ሁሉ እኔን ራሴን ይበልጥ ያስደሰተኝ የዛሬው ነው። ረጃጅሞቹን ቅርጾች እንዴት ያለ ሽምደዳ ላስተምር እያልሁ ሳለሁ፣ አማርኛውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማንበብ እንደሚበቃ አስተዋልሁ። «ሠርቶ ነበር» ውስጥ ጊዜውን የሚወስነው «ነበር» መጨረሻ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛው «ሃድ ወርክት» ሲል ያንኑ መጀመሪያ ላይ ያደርገዋል። «ሲሠራ ቆይቶ ነበር» ከኋላ ሲነበብ ነበር፣ ቆይቶ፣ ሲሠራ ይሆናል፤ «ሃድ»፣ «ቢን»፣ «ወርኪንግ» ማለት ነው። «ሲሠራ ቆይቶ ይሆናል» ሲገለበጥ «ዊል»፣ «ሃቭ ቢን»፣ «ወርኪንግ» ይሰጣል፤ የእኛው «ይሆናል» ግምት የሚጨምርበት መሆኑን ብቻ ማስታወስ ያስፈልጋል። «እየሠራ ነው» ደግሞ «ኢዝ ወርኪንግ»።

ይህን ለማሳየት ከእንግሊዝኛው ረድፍ በታች አማርኛውን በሌላ ቀለም በካርድ ደርድሬ በክር አገናኘኋቸው። ክሮቹ መካከል ላይ ተሻገሩ። ተማሪዎቹ የእንግሊዝኛው ረዳት ለምን ቀድሞ እንደሚመጣ ሲጠይቁኝ ለብዙ ጊዜ «ደንቡ ነው» ብቻ እል ነበር፤ ዛሬ ግን የተሻገሩት ክሮች መለሱልኝ። አማርኛ ነገሩን በመጨረሻ ያስራል፤ እንግሊዝኛ በመጀመሪያ ያስራል።

ይህ ገልብጦ ማንበብ የማያሳያቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ እነሱን ሳልናገር ባልፍ ተማሪን ማሳሳት ይሆናል። አንደኛው «ይሠራል» ነው። «ዘወትር ይሠራል» እና «ነገ ይሠራል» በአማርኛ አንድ ግሥ ናቸው፤ እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን «ወርክስ»፣ ሁለተኛውን «ዊል ወርክ» ይላል። ሁለተኛውና የከፋው «ሠርቻለሁ» ነው። ከ«ሃቭ ወርክት» ጋር ይቀራረባል፤ «ሠርቼ» እና «አለሁ» ተጋጥመው የተሠራ ነውና እንደ እንግሊዝኛው ረዳት ያዘለ ነው። ነገር ግን «ትናንት ሠርቻለሁ» ስንል አማርኛ አይከፋውም፤ «አይ ሃቭ ወርክት የስተርደይ» ግን በእንግሊዝኛ ስሕተት ነው። «ሃቭ» ያለበት ቅርጽ ያለፈውን ነገር ከአሁን ጋር የሚያስተሳስር በመሆኑ፣ ዘግቶ ያለቀ ጊዜን የሚጠራ እንደ «ትናንት» ያለ ቃል አይቀበልም። «በ2010 ዓ.ም.» ካሉ «ወርክት» ብቻ ነው፤ «ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ» ካሉ «ሃቭ ወርክት»። ለዚህ ሲባል «የስተርደይ» የሚል ካርድ ቆርጬ «ሃቭ» ባለበት ረድፍ ላይ ተማሪ ሲያስገባው ሌሎቹ እንዲያስቆሙት አደረግሁ። ሦስት ጊዜ አስቆሙት።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ነገ የቁልቢ ገብርኤል በዓል ስለሆነ አምስት ተማሪዎች ብቻ መጡ፤ ሁለቱ የባጃጅ ሹፌሮች ትናንት ማታ መንገድ ገብተዋል። ስለዚህ አዲስ ነገር አልጀመርሁም። የአጻጻፍ ለውጦችን ብቻ ቶሎ አየናቸው። «ስቶፕ» ባለ አንድ ክፍል፣ ባለ አጭር አናባቢና ባለ አንድ ተነባቢ መጨረሻ ስለሆነ የመጨረሻ ፊደሉ ይደገማል፤ «ስተዲ» መጨረሻ ላይ ያለው «ዋይ» የተባለ ፊደል ከተነባቢ በኋላ ስለመጣ ወደ «አይ» ይለወጣል፤ «ፕለይ» ላይ ግን ከአናባቢ በኋላ ስለሆነ አይነካም። «ወርክ» ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። መጨረሻው ሁለት ተነባቢ ስለሆነ ምንም አይደገምም።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ትእዛዝንና ምኞትን እንዴት እንደማስገባ ሳሰላስል ሰነበትሁ። እንግሊዝኛ ሁለት ነገሮችን በባዶው ግሥ ይናገራል። አንዱ «ወርክ!» ብሎ ማዘዝ ነው። ሌላው «ዘ ማናጀር ኢንሲስትስ ዛት ሂ ወርክ ኦን ሰንደይ» የሚለው ሲሆን ሥራ አስኪያጁ እሱ እሑድ እንዲሠራ ግድ ብሏል ማለት ነው፤ ሠሪው «ሂ» ሆኖ ሳለ «ስ» የለበትም። ተማሪ ይህን ሲያይ የማተሚያ ቤት ስሕተት ይመስለዋል።

ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤታችን የሆኑትን መሪጌታ ጠየቅኋቸው፤ የግእዝ ግሥ ለብዙ ዓመታት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ነገሩን በአማርኛ ካስረዳኋቸው በኋላ ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ ይኸማ ዘንድ ነው» አሉኝ። ከዚያ «ገብረ ሠራ፣ ይገብር ይሠራል፣ ይግበር ይሠራ ዘንድ፣ ይግበር ይሥራ» ብለው አረቡልኝ። «የኔታ፣ ሁለቱ ይግበር አንድ አይደሉም እንዴ?» አልኋቸው። «ቃሉ አንድ ነው፤ አገባቡ ሁለት ነው። አንዱ ዘንድ፣ አንዱ ትእዛዝ ይባላል» አሉ። በግእዝም በእንግሊዝኛም አንድ መልክ ለዘንድና ለትእዛዝ ያገለግላል። ቤቴ ተመልሼ ወዲያው ካርዱን ጻፍሁ፤ ከላይ «ዘንድ»፣ ከታች «ትእዛዝ»፣ በመካከላቸው አንድ ባዶ «ወርክ»።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

የቁልቢ መንገደኞች ተመልሰዋል፤ ክፍሉ ሞላ። የትናንቱን ካርድ በሁለት ዓረፍተ ነገር ፈተንሁት። ሥራ አስኪያጁ «ኢንሲስትስ ዛት ሂ ወርክ» ካለ «ይሥራ» ብሏል፤ «ኢንሲስትስ ዛት ሂ ወርክስ» ካለ ግን «ይሠራል» ብሎ ተከራክሯል፤ ሰውዬው ሥራ ላይ መሆኑን ነው የሚያረጋግጠው። ልዩነቱ በአንዲት ቀይ ካርድ ነው። «ይሥራ» እና «ይሠራል» ሲባል ግን አንድም ተማሪ አልተደናገረም። እንግሊዞች እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ «ሹድ» እንደሚያስገቡ፣ አሜሪካውያን ግን ባዶውን እንደሚያዘወትሩም ጨመርሁላቸው።

በትእዛዝ ላይ የሆቴሏ ተማሪ የምታውቀው ጭንቀት ነበረባት። «እኛ ሥራ፣ ሥሪ፣ ሥሩ፣ ይሥሩ እንላለን። እንግዳ ሽማግሌ ሲመጡ በእንግሊዝኛ አንቱ እንዴት እላለሁ?» አለችኝ። በግሡ ውስጥ አይገኝም። እንግሊዝኛ አክብሮቱንም እንደ ጊዜውና እንደ አሉታው ወደ ረዳቱ ይልከዋል፤ «ሳይን ሂር» ከማለት «ኩድ ዩ ሳይን ሂር፣ ፕሊዝ?» ማለት ነው። «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» የሚለው ክብር ያለው በ«ኩድ» ውስጥ ነው። ደጋግማ ተለማመደችው፤ እጇንም እንደ ልማዳችን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር።

ሁኔታ የሚያመለክተውን «ቢሠራ ኖሮ ያልፍ ነበር» የሚለውን ለመድረስ 20 ደቂቃ ብቻ ቀርቶን ነበር፤ ሆኖም አልከበደም። «ኢፍ ሂ ሃድ ወርክት፣ ሂ ውድ ሃቭ ፓስት» ስል ሁለቱም ቋንቋዎች ያልሆነውን ነገር በኃላፊ ጊዜ ቃል እንደሚናገሩት አዩ፤ የእኛ «ነበር» የእነሱ «ሃድ» ነው። «ቢሠራ ያልፋል» እና «ቢሠራ ያልፍ ነበር» መካከል ያለውን ርቀት በእንግሊዝኛ ለማሳየት ግን ሌላ አንድ ምሽት ያስፈልገኛል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ዛሬ «ወርክ»ን ከሰባተኛው ኪስ አወጣሁትና ባዶውን ተውሁት። የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ ከቤቷ ቆርጣ ያመጣችውን «ዌይት» የሚል ካርድ አስገባች። ከዚያ ያለ እኔ እርዳታ ስድስት ረድፍ ሠሩ፤ ሰማያዊውን «ዌይት» ላይ ሲቆነጥጡ «ዌይቲድ» ብለው በትክክል አነበቡት፤ «ዲድ» ሲገባ ነቅለው አዛወሩት። «ሺ ሃዝ ቢን ዌይቲንግ» ላይ አንዱ ሹፌር ቀዩን ግሡ ላይ ሊያደርገው ሲል ከኋላ ሁለት ሰዎች «መጀመሪያው ላይ!» ብለው አስቆሙት።

የሦስተኛው ረድፍ አራተኛ ኪስ፣ «ኖት» የሚገባበት፣ ከአዘውትሮ መነካት የተነሣ በግራ ጎኑ መላቀቅ ጀምሯል። ነገ ጠዋት ለሰፊው እወስደዋለሁ። ለዓርብ 20 የመደበኛ ግሥ ካርዶች መቆረጥ አለባቸው፤ ዝርዝሩን ተማሪዎቹ ከየሥራቸው አምጥተዋል፤ ክሊን፣ ቼክ፣ ሪፔር፣ ዴሊቨር፣ ፓርክ፣ መዠር፣ ወልድ እያለ ይቀጥላል።